የጋሽ ሸምሱ ደብረ ብርሃን

ግርማ ስልክ ሲደውልልኝ ሁሌም የሚጀምረው ስለ እግሩ በማማረር ነው። ባለፈው ሐሙስ ግን ስለ እግሩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ «ጋሽ ሸምሱ አረፉ» አለኝ። ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ፣ እኚህን ሰው ሳስብ እንባ ቀድሞኝ አያውቅም። መጀመሪያ የሚታየኝ በሐምሌ ዝናብ መኪናቸው ውስጥ ጋቢ ተከናንበን ተደርድረን፣ እሳቸው መሪውን እንደያዙ ወደኋላ ዞረው «እህስ፣ በረዳችሁ?» ሲሉን ነው።

ጋሽ ሸምሱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረቻቸው። ከሱቋ በፊት የአንድ ፈረንጅ ነጋዴ ሾፌር ነበሩ። ለውጡ መጥቶ ፈረንጁ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ፣ ያንን ሁሉ ዘመን ስላገለገሉት ሰማያዊ መኪናውን ትቶላቸው ሄደ። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ በሮቿ ካልተደበደቡ አይዘጉም። ግን በሰፈሩ ማንም የሌለው አንድ ነገር ነበራት። ከዳሽቦርዱ ስር፣ በሾፌሩና አጠገቡ በሚቀመጠው ሰው ጉልበት መካከል፣ አንድ የብረት ሣጥን ተንጠልጥሏል፤ ሲከፍቱት ብርድ ይተፋል። ፈረንጁ ወደ አሰብ ሲመላለስ ያስገጠመው ኤር ኮንዲሽን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ያውም ልደታ፣ ብርድ የሚተፋ መኪና ለምን ይጠቅማል? ሁሉም ሰው ይጠይቃቸው ነበር። ጥያቄው አይገባቸውም። ሣጥኗን «ደብረ ብርሃን» ብለው ስም አወጡላት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ና ግባ፣ ደብረ ብርሃንን ልክፈትልህ» ይላሉ። እንግዳው እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ደስታቸው ወሰን የለውም። ሊነዱ ሲሉ አይቼ የማልጠግበው አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከመግባታቸው በፊት ጣሪያውን በብር ቀለበታቸው ሁለቴ ቋ ቋ ያደርጉና «ቢስሚላህ» ይላሉ። ቀለበቷ ካልጮኸች መኪናዋ አትነሳም ብለው ያመኑ ይመስለኛል።

ለማንኛውም ችግር የነበራቸው መልስ ደግሞ አንድ ነው። «ቀላል ነው፤ ገና አልነካነውም።» ቤት ሲያፈስ፣ ሰው ሲታሰር፣ ስኳር ሲጠፋ፣ ሁሌም ቀላል ነው። ከነኩት በኋላ ቀላል የሆነ ነገር ግን አይቼ አላውቅም።

እኔ ያኔ አዲስ የተቀጠርኩ ወጣት ሴት አስተማሪ ነበርኩ። በጋሽ ሸምሱ ግቢ፣ አጥር ሳይለየን፣ እትዬ ወርቄ ዘንድ በደባልነት እኖር ነበር። እትዬ ወርቄ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸው ሁለት። ታላቁን በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ወሰዱት፤ ይኑር ይሙት የነገራቸው የለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአፋቸው አይጠፋም፤ «የኔ እጅ የነካው ነገር አይበረክትም» ይላሉ። እንዲሁ አባባል እንዳይመስላችሁ። የጎረቤት ሕፃን አያቅፉም። የሰው ሊጥ አይነኩም። ችግኝ ሲተከል ራቅ ብለው ይቆማሉ።

ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ በእጃቸው ለሰው ሲሰጡ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ጋሽ ሸምሱ ዕቃ ሊያመጡ መንገድ ሊሄዱ ሲሉ፣ የመዳፍ ያህል የሆነች ባለ ክፈፍ የልደታ ማርያም ሥዕል አምጥተው፣ ፈራ ተባ እያሉ «መንገድ ላይ ትጠብቅህ፤ እስላም ነኝ ካልክ ግን አልቀየምም» አሏቸው።

«መርየም የኛም ናት፣ ወርቄ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። ወዲያው ካቻቢቴ አምጥተው፣ እሳቸው እያዩ፣ ከራሷ ከደብረ ብርሃን ፊት ላይ በብሎን አሰሯት። ቦታው ልክ ለሥዕል የተሠራ ነበር የሚመስለው። እትዬ ወርቄ ያን ሳምንት ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን ክራንች የያዘ ወታደር ግቢያችን ገባ። የእትዬ ወርቄ ታናሽ ልጅ ግርማ በምሥራቅ ግንባር እግሩን ቆስሎ ድሬዳዋ ሆስፒታል ተኝቷል። እግሩ ይቆረጥ አይቆረጥ ሐኪሞቹ ይከራከራሉ፤ እሱ ደግሞ «እናቴን ሳላይ አላስነካም» ብሎ እምቢ ብሏል። ወታደሩ ይህንን ተናግሮ ውኃ ጠጥቶ ሄደ።

እትዬ ወርቄ አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን ፈለጉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ደስ ባለን፤ ግን የልብ ሕመምተኛ ናቸው። የሚከታተላቸው ሐኪም ሞቃት አገር እንዳይረግጡ አስጠንቅቋቸዋል፤ አንዴ ናዝሬት ወርደው ተዝለፍልፈው በሰው ትከሻ ነው የተመለሱት። በባቡር ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው መድረሳቸው ያጠራጥራል። «ብሞትም መንገድ ላይ ልሙት፤ ሁለተኛውንም ሳላየው አልቀርም» አሉ።

ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሮጠው ደረሱ። «ምን ትሆናላችሁ? ደብረ ብርሃን ለመቼ ልትሆን ነው? በረሃውን ሁሉ ጋቢ ለብሳ ታልፈዋለች፤ ወላሂ ቀላል ነው።»

ከዚያ በድንገት ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው መጠቅለል ጀመሩ። ለካስ ደብረ ብርሃን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የምትተፋው ሞቅ ያለ አየር ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም።

ሰንጋ ተራ ታደለ የሚባል ፍሪጅ ጠጋኝ ወዳጅ ነበራቸው። አባቱ ብር ሠሪ ነበሩ፤ እሱ ግን እጁን ከአባቱ፣ ፊቱን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። ፈገግ ሲል ያየው የለም። ጋሽ ሸምሱ «ቀላል ነው» ሲሉ እሱ «አይሆንም» ይላል፤ ወዳጅነታቸው በዚህ የቆመ ነበር። የፍሪጁና የመኪናው ጋዝ ያኔ አንድ ዓይነት ስለነበር ከዚያ በፊት ደጋግሞ ሞልቶላቸዋል። በሞላ በጥቂት ቀን ብርዱ ይጠፋል።

«ከዚህ በኋላ አልሞላም» አለ ታደለ። «እያፈሰሰ ጋዝ መሙላት ብር ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው። ቀዳዳው ይገኝ፣ ከዚያ እንነጋገር።»

ጋሽ ሸምሱ ትልቁ ጋራዥ ሄደው ጠየቁ። ሁሉ ነገር ተነቅሎ በአዲስ ይለወጥ፣ ዕቃው ከውጭ ይመጣል፣ ለጊዜው የውጭ ምንዛሪ የለም ተባሉ። እየሳቁ ተመለሱ። «እነሱ ጋ የለም ማለት እኛ ጋ አለ ማለት ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም፤ ግን አብሬያቸው ሳቅሁ።

ዘዴውን ታደለ ነገረን። በቧንቧዎቹ ውስጥ አየር ይሞላል፤ ከውጭ አረፋ ይቀባል፤ አረፋው የሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው። አየሩ ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር ይገኛል። አረፋው ግን? ሳሙና ያኔ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደል ነገር ነው፤ ሰው ፊቱን እንኳ ቆጥቦ በሚታጠብበት ዘመን ለመኪና ሳሙና ስጡ አይባልም። ሁላችንም ስንተያይ እትዬ ወርቄ ከበራቸው ላይ ሆነው «እንዶድ አይሆንም እንዴ? ጋቢ የምናጥብበት?» አሉ።

ታደለ «አይሆንም» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው።

እሁድ ጠዋት፣ ቤንዚን ለመቆጠብ፣ መኪናዋን እየገፋን ጎሚስታው ደጅ አደረስናት። የግቢው ሴቶች እንዶዱን ወቅጠው በጥብጠው አረፋው በየሳፋው ሞልቶ ይፈስ ነበር። እትዬ ወርቄ ብቻ አልነኩም፤ «እኔ ይቅርብኝ» ብለው አጥሩ ጥግ ቆሙ። ኮፈኑ ተከፈተ፣ አየሩ ገባ፣ ሰው ሁሉ ቡሩሽ ይዞ ሞተሩ ላይ ተረባረበ። ሰማያዊቱ መኪና በአረፋ ተሸፍና ሙሽራ መሰለች። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና «ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?» አለ። ጋሽ ሸምሱ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ያዝልኝ» ብለው ሳፋውን ሰጡት። ያዘው። እስከ ምሳ ሰዓት ይዞት ቆመ፤ በኋላ እንዲያውም «እዚህ ጋ አልቀባችሁም» እያለ ያሳየን ጀመር።

የፈላ አረፋ ግን የለም። ቧንቧውን፣ መጋጠሚያውን፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ሁሉንም ቀባን። ምንም። ሰው ተስፋ እየቆረጠ ወደ ምሳው ተበተነ። እኔ ደክሞኝ በጎድጓዳ ሳህን የቀረ አረፋ እንደያዝኩ ከመኪናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። በሩን ስዘጋው የውጪው ጫጫታ ጠፋ፤ ከጉልበቴ አጠገብ ስስስ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

ጋሽ ሸምሱን በመስኮት ጠራኋቸው። ገቡ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ድምፁ ከሥዕሏ በስተኋላ ነው የሚመጣው። ካቻቢቴ አውጥተው ብሎኑን ፈቱና ሥዕሏን አነሱ፤ ከሳህኔ አረፋ በጣታቸው ዝቀው ቀዳዳው ላይ ቀቡ። ፈላ። የእንቁላል ያህል አበጠና ፈነዳ፣ እንደገና አበጠ። ብሎኑ ረጅም ነበር፤ ሣጥኑን አልፎ ከውስጥ ያለችውን ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ሲፍቅ ሲፍቅ ቆይቶ በስቷታል።

እልል ልል ነበር። ጋሽ ሸምሱ ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በመስኮቱ ወደ አጥሩ ጥግ አዩ፤ እኔም አየሁ። እትዬ ወርቄ እዚያው ቆመዋል፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው።

«ቲቸር» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ይህንን ብትሰማ መኪናው ውስጥ እግሯን አታስገባም። ልጇንም አታይም።» እውነታቸውን ነበር። በሰጡት ነገር ልጃቸው ጋ የሚያደርሳቸው መንገድ ተበሳ ማለት፣ ለእሳቸው ከዚያ በላይ ማስረጃ አልነበረም።

ከመኪናው ወርደው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ተገኘ፤ የተበላች የጎማ ቱቦ ናት» አሉ። ሰፈሩ ጨፈረ። ጥበቃው ሳፋውን እንደያዘ አብሮ ጨፈረ።

በማግስቱ ሰንጋ ተራ ታደለ ዘንድ ነበርን። ሣጥኑን ፈታ፣ ቧንቧዋን አየና «አይሆንም» አለ። በተራ ብየዳ ትቀልጣለች፤ በብር ነው የምትዘጋው፣ ብር ደግሞ የለውም። ጋሽ ሸምሱ ቀለበታቸውን ጎተቱ። አልወጣ አላቸው፤ በእንዶዱ ትራፊ አንሸራተው አወጧት። ታደለ ቀለበቷን አገላብጦ አየ። ከዚያ አባቱ እንደሚያደርጉት በትንሽ ነበልባል አቀለጣትና ቀዳዳዋን ደፈናት። በአሮጌ የፍሪጅ ሞተር ውስጧ የቀረውን አየርና እርጥበት መጥጦ አወጣ፤ ሳታፈስ ማደሯን አይቶ በማግስቱ ጋዝ ሞላ። ደብረ ብርሃን ተከፈተች። ታደለ እጁን ከፊቷ ዘርግቶ ጥርሱን አሳየን፤ የዚያን ጊዜ ብቻ።

የቀረችው ሥዕሏ ናት። ካልተሰቀለች እትዬ ወርቄ የት ሄደች ይላሉ። ብሎን ደግሞ ሁለተኛ አይሞከርም። ጋሽ ሸምሱ ሁለታችንንም እያዩ ከኪሳቸው ማስቲካ አወጡ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፍሪጆች መካከል ቆመን አኘክን፤ በሥዕሏ ጀርባ አራቱ ማዕዘን ላይ እንደ ምስር ጠፍጥፈን ለጠፍናት። ሣጥኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማስቲካው ድንጋይ ሆኖ ያዘ።

ቤንዚኑ ከየጎረቤቱ በተለመነ ኩፖን ተሞላ፣ የይለፍ ወረቀቱ ከቀበሌ ተጻፈ፤ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እትዬ ወርቄ ከፊት፣ እኔ እሳቸውን ልጠብቅ ከኋላ። ጋሽ ሸምሱ ጣሪያውን ሁለቴ መቱ። ድምፁ ዱብ ዱብ አለ።

«ቀለበትህስ?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«ወፈርኩ መሰለኝ፣ ጠበበችኝ።»

ናዝሬትን በማለዳው ቅዝቃዜ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ውጪው መንደድ ጀመረ። መተሐራ ላይ መስታወቱን ብነካው እጄን ለበለበኝ። ጋሽ ሸምሱ እንደ ካህን ተጠንቅቀው ቁልፏን አዞሩ፤ ደብረ ብርሃን ተነፈሰች። እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን እየሳቡ፣ እየሳቡ፣ ወለንጪቲ ላይ ያጣጠፉትን ጋቢ አምጪ አሉኝ። በዚያ በረሃ መካከል፣ ፍየሎቹ እንኳ ጥላ ፈልገው በተኙበት፣ አንዲት የልብ ሕመምተኛ ጋቢ ተከናንባ «በረደኝ» ስትል ሰማሁ። ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ፤ ከደስታዬ ብዛት ጋሽ ሸምሱን ትከሻቸውን መታሁ። እሳቸውም «በይ አትምቺኝ፣ እየነዳሁ ነው» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

አዋሽ ኬላ ላይ ሞተር አጥፉ ተባልን። ጋሽ ሸምሱ ይለፉን ይዘው ወረዱ፣ እኔ ውኃ ልገዛ ሄድኩ። ብዙ አቆዩን። ስንመለስ እትዬ ወርቄ ላባቸው ይወርዳል፤ «ቶሎ ክፈታት» ብቻ አሉ። ሥዕሏ ቦታዋ ላይ ናት። ተከፈተች፤ ሄድን።

ድሬዳዋ ሆስፒታል ግቢ ዛፍ ስር ስንቆም ግርማን በተሽከርካሪ ወንበር አመጡት። ምን ተባባሉ እንዳትሉኝ፤ ዞር ብዬ ነበር። ስመለስ እናቱ ከፊት ወንበር አስቀምጠውት፣ እግሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ «ሸምሱ፣ ክፈትለት» ይላሉ። ተከፈተለት። ዓይኑን ጨፍኖ «እማዬ፣ ልደታ ነን እንዴ?» አለ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ «ጓዶቼስ?» ብሎ ጠየቀ።

እንዲህ ነው የጀመረው። ክንዱ የታሰረ፣ ራሱ የተጠቀለለ፣ በክራንች የቆመ፣ ሁሉም ተሰለፈ። ተራ በተራ እየገቡ ደብረ ብርሃንን እየጎበኙ ወጡ። ጋሽ ሸምሱ በር ከፋች ሆነው «ግባ ወንድሜ፣ ጋቢ አለ፣ እንዳትታመምብኝ» ይላሉ። አንዲት ኃላፊ ሲስተር ልትከለክል መጥታ ነበር፤ እሷንም አስገቧት። ስትወጣ ሰልፉን እሷ ማስከበር ጀመረች። የጎረቤት ኩፖን እዚያ አለቀ፤ መመለሻው ቤንዚን ከሆስፒታሉ ሾፌሮች በልመና ተገኘ። ግርማም በማግስቱ እሺ ብሎ ቀዶ ሕክምና ገባ። እግሩ አጠረ እንጂ አልተቆረጠም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ አንድ የማይገባኝ ነገር ነበር። እትዬ ወርቄ በየዓመቱ ለኢድ ለጋሽ ሸምሱ ቤት ድፎ ዳቦ ሲልኩ፣ ከዳቦው ላይ አንድ እሽግ ማስቲካ ያስቀምጡ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ፈገግ ይሉና ኪሳቸው ይከቱታል። ሲጋራ ስለተዉ ይሆናል ብዬ ተውኩት። እትዬ ወርቄ እስኪያርፉ ድረስ አልቀረም።

ለለቅሶው፣ ለተዝያው፣ የሄድነው ከግርማ ጋር ነው። ያ ግቢ ፈርሷል፤ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ራህመት ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። ደረጃውን ግርማ እግሩን እየረገመ ሲወጣ፣ መሃል ላይ እረፍት ስንወስድ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የያዝኩትን ነገርኩት፤ የብሎኑን ነገር። ይደነግጣል ብዬ ጠበቅሁ።

«እማዬ ታውቅ ነበር» አለኝ። «አዋሽ ኬላ ላይ ሙቀቱ ማስቲካውን አቅልጦት ሥዕሏ ጭኗ ላይ ወደቀች። ቀዳዳውን አየች። ውስጡ አዲስ ብር ያብረቀርቃል፣ የሰውየው ጣት ባዶ ነው። ‹ወርጄ ልሂድ አልኩ› ብላኛለች። በኋላ ግን፣ ይህ ሰው እንዳላዝን ብሎ ይህን ሁሉ ሆኗል፣ ልፋቱን አላበላሽበትም አለች። መልሳ ለጠፈቻት።»

ራህመት ሻይ ካቀረበች በኋላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። «አባባ ‹የወርቄ ነው፣ ማንም እንዳይነካው› ይል ነበር። እናንተ ታውቁ እንደሆነ» አለች። ውስጡ ማስቲካ ነው። ያልተከፈተ፣ ወረቀቱ የደበዘዘ፣ ዓመት በዓመት ላይ የተደረደረ። ከስሩ ሥዕሏ ነበረች።

ገለበጥኳት። እኛ የጠፈጠፍናቸው ምስሮች የሉም። በቦታቸው አንድ ላይ ተድበልብሎ፣ ከክፈፉ ጠርዝ አልፎ የወጣ፣ እንደ ብረት የጠነከረ ማስቲካ አለ፤ ጠርዙ ላይ የአንዲት ትንሽ አውራ ጣት አሻራ በደንብ ይታያል። ጋሽ ሸምሱ ይህንን ሳያዩ አልቀሩም። አይተውም ዝም አሉ፣ እትዬ ወርቄም ዝም አሉ፤ በየዓመቱ ዳቦና ማስቲካ ይመላለስ ነበር።

ግርማ ሥዕሏን ከእጄ ወሰደና ጠርዟን እየዳበሰ ቆየ። አውራ ጣቱን በእናቱ አሻራ ላይ አሳረፈ፤ ጫን አደረገው፤ ማስቲካው ንቅንቅ አላለም።

«በርክቷል» አለ።